የሮማው ባርኔጣ በአሰበ ተፈሪ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... የቀበሌያችን አዳራሽ መስኮቶች በቡና ጆንያ ተሸፍነው፣ ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ አንድ ሰው እጠብቅ ነበር። የሰዓት እላፊ ስላለ እኛ ከተማ ፊልም የሚታየው በቀን ነው።

የምጠብቀው ታምራትን ነው። «ሮማ ልብስ ስፌት» የሚል ታፔላ ሰቅሎ፣ ከሂርናና ከገለምሶ ሳይቀር ሙሽሮች እየመጡ ሱፍ የሚያሰፉበትን ታምራትን። ሙያውን ሮማ ከተማ ተምሬ መጣሁ ይላል። በተለይ አንዷን ታሪኩን ከተማው በቃሉ ያውቃታል... ድልድይ ላይ የአንዲት ሀብታም ልጅ ባርኔጣ ነፋስ ወሰደው። እሱ ከነሱፉ ወንዝ ውስጥ ዘሎ አወጣላት። አባቷ «ልጄንም ሱቄንም ውሰድ» አለው። እሱ ግን አገሬ ይሻለኛል ብሎ፣ ባቡር ጣቢያ እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ጥሏት መጣ።

እኔም አምኜው ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ ፈቅዶ፣ ቀለበቱን አጥልቄ ነበር። ዘመድ ተጠርቶ ሠርጉ ሲቃረብ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሰው ፊት «የሮማን ሴት እንቢ ያልኩ ሰው ከዚች ጋር እንዴት እኖራለሁ? ከእኔ ጎን መራመድ እንኳ አታውቅም!» አለ። ሠርጉ ቀረ።

አስተማሪ ነኝ። በማግስቱ ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ባርኔጣ ሥለው ጠበቁኝ። ፊቴን እንዳያዩ ጀርባዬን ሰጥቼ በእጄ አጠፋሁት። አባቴ ሰው ላለማግኘት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን መንገድ ቀየረ። ዝም ብዬ እንደማላልፈው የማልኩት ያን ጊዜ ነው።

ለፋሲካ ድሬዳዋ እኅቴ ጋ ሄጄ ሲኒማ ገባን። ጥቁርና ነጭ፣ ያረጀ የጣልያን ፊልም። ሮማ። ድልድይ። ነፋስ። ባርኔጣ... ሰውየው ከነሱፉ ዘለለ! ወንበሩን ጨምድጄ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፊልም አጫዋቹን ሄጄ ታምራት የሚባል ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቲኬት ይቀድልን የነበረው ታምራት? አቦ! ያ ልጅ ይህን ፊልም ስንቴ አይቶታል መሰለሽ! በሩን ትቶ እዚህ ከእኔ ጎን ነበር የሚውለው።»

«ሮማስ ሄዶ ያውቃል?»

«ሮማ? እሱ? የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ራሱን ይዞ የሚያጎነብስ ሰው!»

ትምህርት ቤታችን ዴስክ ለማሠራት የገቢ ማሰባሰቢያ ሲፈልግ ያን ፊልም እናሳይ ያልኩት እኔ ነኝ። የፊልሙ ሣጥን በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ከተማችን ገባ። የፊልሙን ስም ለማንም አልተናገርኩም። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ታምራት ዘንድ ሄዱ፦ «ፊልሙ ጣልያንኛ ነው፤ ቆመህ ብትተረጉምልን።» ሰው እየሰማ እንዴት እምቢ ይበል?

መጣ። ነጭ ሱፍ ለብሶ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ጎበዝ፣ መሠልጠን ጀመራችሁ!» አለኝ።

«ምን እናድርግ፣ ከእርስዎ ተምረን ነው» አልኩት።

መብራቱ ጠፋ። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሸራው አጠገብ ቆመ። ድልድዩ ሲታይ እጁ ከኪሱ ወጣ።

«ይሄ... ይሄ ሮማ ነው» አለ።

ነፋሱ ሲነሣ ጫት ነጋዴዋ አዴ ሞሚና ከፊተኛው ወንበር ጮኹ፦ «ወላሂ፣ ባርኔጣው ሊሄድ ነው!»

ሄደ።

«አሁን ደግሞ ይዘላል!» አለ አንድ ሾፌር ከኋላ።

ዘለለ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ ማን ፈለገ? አዳራሹ በሙሉ ከፊልሙ ቀድሞ ይናገር ጀመር። አባትየው ብቅ ሲል «ልጄንም ሱቄንም ውሰድ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ታምራት፣ ይሄ ሰውዬ ነጭ ነው እኮ!» አሉ አዴ ሞሚና። «አንተን ሚኤሶ ላይ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

መጨረሻውን የምናውቀው ግን እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ባቡር ጣቢያ። ሰዉ ልጅቷ እግሩ ላይ እስክትወድቅ ይጠብቃል... የወደቀው ሰውየው ነው! ተንበርክኮ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። እሷ ባርኔጣዋን አውልቃ አናቱ ላይ ደፋችበት፤ አንድ ነገር ተናግራው ባቡሩ ላይ ወጣች። ዞራም አላየችው።



«ምን አለችው? ተርጉም እንጂ!» አሉ አዴ ሞሚና።

ታምራት ወደ በሩ ተመለከተ።

ቀለበቱን ለዚህች ቀን አስቀምጬው ነበር። በወንበሮቹ መሃል አልፌ ሄድኩና መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«እኔ ልተርጉም» አልኩ። «'ሂድና ልብስህን ስፋ' ነው ያለችው።»

ሳቁ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ አሉ። እኔ ጣልያንኛ አንዲት ቃል አላውቅም።

እሑድ አባቴ በድሮው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳዬ ንጹሕ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ያኔ ለጋብቻ የመጡት ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ... «ልጄ፣ በቃው። ፊልሙን ወደ ድሬዳዋ መልሺው፤ እንጀራውን አትዝጊበት።»

በአክብሮት ሰምቼ ሸኘኋቸው። ግን ዴስክ የቸገረው የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ነው እንዴ? በዚህ ቅዳሜ ፊልሙን ይዘን ሂርና ነን፣ በሚቀጥለው ገለምሶ... የአስተርጓሚው ቦታ አሁንም ክፍት ነው።