የሐዘን ጢም

የመጀመሪያው ምልክት የሽታው መጥፋት ነበር። ባለቤቴ መላኩ ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወጣ ብሎ ያረጁ የጋዝ ጉድጓዶችን ከሚጠግን ቡድን ጋር ይሠራ ነበር። የዚያን ቀን የበሰበሰ እንቁላል ሸተተውና ጭምብሉን አጠለቀ። ወዲያው ሽታው ጠፋ። ጭምብሉ የሠራ ስለመሰለው ቫልቩን ልዝጋ ብሎ ቆመ። ያ እንቁላል እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ግን ሲበዛ መጀመሪያ የሚያደነዝዘው አፍንጫን ነው።

ጭምብሉ ፊቱ ላይ አልገጠመም ነበር፣ ምክንያቱም ጢም አሳድጓል። አባቱ ጎንደር ካረፉ አርባቸው አልወጣም። ሄዶ ስላልቀበራቸው የቀረው የሐዘን ምልክት ጢሙ ብቻ ነበር። ጠዋት ከሌዊስቪል ቤታችን ሲወጣ ጠይቄዋለሁ።

"ሼቭ አድርግ አላሉህም እንዴ?"

"ብለውኛል። ሶ፣ አርባው ይውጣና አደርጋለሁ።"

አለቃውም ጢሙን እያየ ወደ ጉድጓዱ አሳለፈው። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

መላኩ ወደቀ። ግንባሩ ብረት ላይ አረፈ። ዐይኑ ተገለበጠ። ተንፈራገጠ። የሥራ ባልደረባው ካርሎስ ዘሎ አልገባም፤ ቢገባ ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ የራሱን የአየር ጭምብል አጥብቆ አሰረ፤ ከዚያ መላኩን በብብቱ ይዞ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ጎትቶ አወጣው።

ሆስፒታል ስደርስ ለአራት ይዘውታል። ይጮሃል። ይራገጣል። ከአፉ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል። እጁን ልይዝ ስጠጋ መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

"ሳንባው ውሃ ሞልቷል፤ ፐልሞናሪ ኢዴማ ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ኦክስጅን በማስክ እንሞክራለን፣ ግን በጢሙ በኩል አየር ይወጣል።"

ነርሷ በማሽን ላጨችው። እሱ ይታገላል፣ እኔ ጭንቅላቱን ይዣለሁ። ጢሙ በደም ተለውሶ እጄ ላይ ወደቀ። ማስኩም አልበቃውም። አስተኝተው ቱቦ አስገቡለትና ቬንቲሌተር፣ መተንፈሻ ማሽኑ ላይ፣ አደረጉት።

"አንጎሉ ምን ያህል እንደተጎዳ የምናውቀው ሲነቃ ነው" አለች ሐኪሟ።

ነቃ። ቱቦው ከወጣ በኋላ በሻከረ ድምፅ ስሜን ሲጠራ፣ ባሌ ከነአእምሮው ተመለሰልኝ ብዬ ከነርሷ ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ የተላጨ አገጩን ዳሰሰ።

"አባዬን ኮል አድርጊልኝ" አለኝ። "ሳልደውልላቸው ቆየሁ፣ ይጨነቃሉ።"

ጋዙ የአባቱን ሞት ከአእምሮው አውጥቶት ነበር። መርዶውን ሁለተኛ ጊዜ የነገርኩት እኔ ነኝ። እንደ አዲስ ጮኸ፤ ያንን የተጎዳ ደረቱን ሊደቃ ሲል ሁለቱንም እጁን ይዤ አብሬው ጮህኩ።

አሁን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረውም፣ አንዳንድ ነገር ቢረሳም፣ ወደ ሥራ ተመልሷል፤ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ ሲላጭ ሳየው ልቤ ይረጋል። ካርሎስን፣ ሐኪሟንና ነርሷን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አመሰግናለሁ። እናንተም ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትመኑ፤ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያው ከጮኸ ሁሉን ጥላችሁ ውጡ፣ የወደቀ ሰው ብታዩም ያለ አየር ጭምብል አትግቡ። ሐዘን ላይ ያለ ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ካላችሁ ጥቁር ይልበስ፣ ያልቅስ፣ ጭምብል የሚያስፈልገው ሥራ ከሆነ ግን ጢሙን ተላጭቶ ይሂድ። "ለአባቱ ጢም እንኳ አላሳደገም" የሚል ዘመድ ካለ ወደ እኔ ላኩት።