ከዳላስ የመጣ ቀነ ገደብ

ታክስ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ እትዬ አልማዝ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው «በየዓመቱ ለዪልኝ» አሉኝ። ውስጡ የልጅ ክትባት ካርድ ሁሉ ነበረበት። ስለይ ዋልኩ፤ ማታ ጀርባዬ አልቃና አለ። ይኸው እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ኖርዝኢስት ሃያ ዓመት ሠራሁ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው ጋሼ ታደሰን ነው። ኤርፖርት በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ነጭናጫም ሆደ ቡቡም ሰው ናቸው። ማርቲንዴል ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለሰናይት አከራይተዋል። ሰናይት ሁለት ልጆች ይዛ ስድስት ዓመት ኖራበታለች፤ ባለቤታቸው ታመው በነበረ ጊዜ ሾርባ ያመላለሰችው እሷ ናት። «ቤቱን ከሸጥኩ ላንቺ ነው» ብለዋታል።

አንድ የኦክቶበር ከሰዓት ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ለሌላ ሰው ሊሸጡት፣ በማግስቱ ሊፈርሙ ነው።

«ሰናይትስ?» አልኳቸው።

«ተይኝ እባክሽ! አዲስ ሥራ ጀምራ ባንኩ ፕሮቤሽንሽን፣ የሙከራ ጊዜሽን ካልጨረስሽ የቤት መግዣ ሞርጌጅ የለም ብሏታል። የሚያልቀው ዲሴምበር ነው። የእኔ ቀን ደግሞ አርብ ያበቃል። ትናንት ለዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ስትሰበስብ አየኋት፤ ቃሌን አጠፍኩባት።»

«የምን ቀን ነው የሚያበቃው?»

ኤፕሪል ላይ ኮርነርስቶን ሰፈር ሌላ የሚከራይ ቤት ገዝተው ነበር። ዳላስ ያለው ወንድማቸው፣ አንዱን ገዝተህ ሌላውን በስድስት ወር ውስጥ ከሸጥክ የትርፉ ታክስ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍልሃል ብሏቸዋል።

አይ የኛ ሰው! አሜሪካ ያለ ዘመድ ከደወለ እኛ ተረሳን ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ያ የአሜሪካ ሕግ ነው። እዚህ እንዲህ ላለ የኪራይ ቤት አይሠራም። አርብ ቢሸጡም ታክሱን ይከፍላሉ።»

«ምን ትያለሽ አንቺ!» ጠረጴዛውን መቱት። ወንድማቸውን ረገሙ፤ ለእኔም ደረሰኝ።

እርግማኑ ደግሞ ይገባኝ ነበር። ኮርነርስቶን ሲገዙ ደውለው ነግረውኛል። እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ዘጋሁ፤ አሁን ለምን ገዙ ብዬ አልጠየቅኩም። አፈርኩ።

ንዴታቸው ሲበርድ «እና አርብ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምንም። እንዲያውም አሁን ቢሸጡ ታክሱን የሚከፍሉት በመጪው ኤፕሪል ነው፤ ጃንዋሪ ቢሸጡ ግን አንድ ዓመት ይዘገያል።»

ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ደወሉ።

«ሰናይት፣ ልጄ፣ ካርቶኑን ተይው» አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። ስልኩን ተቀብዬ የቀረውን እኔ ነገርኳት።

ጃንዋሪ ላይ ቤቱ የሰናይት ሆነ።

እናንተ ቢሯችን አዲስ የገባችሁ፣ ደንበኛ ቀነ ገደብ ይዞ ሲመጣ ቀኑን ማን እንደሰጠው ጠይቁ። እኔ ስድስት ወር ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት።