ከአሥር ተኩል የተነሳው ግራፍ

ሸዋዬ ሆርዶፋ ከአራብሳ ጤፍ ማሳ ወጥታ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠች የገበሬ ልጅ ናት። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለው የግብርና መሥሪያ ቤቷ የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ሲሆን፣ አሠራሩን የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች። የምርት ቁጥር ታስገባለች፣ ግራፍ ታወጣለች። ሥራዋን ትወደው ነበር፤ አለቃዋ ጓድ ብርሃኑ እስኪያስጠላት ድረስ።

ያን ሰሞን ጓድ ገረመው የሚባሉ የበላይ ባለሥልጣን ለጉብኝት ሊመጡ ነው ተባለ። ሸዋዬም ያባቷ አገር የአራብሳ ገበሬ ማኅበር የሦስት ዓመት ምርት ግራፍ እንድታዘጋጅ ታዘዘች። በሄክታር መጀመሪያ አሥራ አንድ ኩንታል፣ ቀጥሎ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። ኮምፒዩተሩ ከዜሮ ጀምሮ ቁመታቸው እምብዛም የማይለያይ ሦስት ዘንጎች አወጣ።

ጓድ ብርሃኑ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ያደረ አረቄ ይሸታል።

«ይኼ ምኑ እድገት ነው? ተኝቷል እኮ» አላት።

«ያደጉት በጥቂቱ ነው ጓድ ብርሃኑ። ግራፉ ልክ ነው።»

«ከዜሮ ለምን ይነሳል? ከአሥር ተኩል አስነሺው። ላዩን አሥራ ሁለት ላይ ጨርሺው።»

የቋሚውን መስመር ወሰን ቀየረች። የመጀመሪያው ዘንግ ድንክ ሆኖ ቀረ፤ ሦስተኛው ወረቀቱን ሞልቶ ተገተረ። ጓድ ብርሃኑ መዳፉን እያፋተገ ዳር ላይ ያሉትን ቁጥሮችም አጥፊያቸው አለ፣ ዓይን ይሻማሉ ብሎ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የአገር እድገት ሪፖርት የሚያቀርበው። ሸዋዬ ፊቷን ከትንፋሹ አዙራ አጠፋቻቸው።

ጓድ ገረመው በመጡ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የተለጠፈውን ግራፍ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መረመሩት። ትንሹን ዘንግ በሁለት ጣታቸው ለኩና፣ ጣታቸውን እንደያዙ ትልቁ ላይ ደረደሩት። ሦስት ጊዜ ገባ።

«ሦስት እጥፍ አምርተው የሚያስገቡት ኮታ ግን ያው የድሮው ነው?» አሉ። «ከዘንድሮ ጀምሮ እጥፍ ያስገቡ።»

ኮታ ገበሬው በመንግሥት ዋጋ ለመንግሥት የሚያስረክበው እህል ነው፤ እጥፍ ሆነ ማለት ደግሞ አባቷ ለዘር ያስቀመጡት ሳይቀር ከጎተራው ይጠረጋል ማለት ነው። ሸዋዬ ልትናገር ብድግ ስትል ጓድ ብርሃኑ ማጨብጨብ ጀመረ፣ አዳራሹም በጭብጨባ ቀለጠ። ሰው ሁሉ ሲያያት እሷም አጨበጨበች። ከብርሃኑም ከእንግዳውም ይልቅ የቀፈፋት የገዛ እጇ ነበር።

ጥር ላይ አገሯ ወረደች። አባቷ አቶ ሆርዶፋ ደጅ ላይ አህያ ሲጭኑ አገኘቻቸው። የማሳቸው ምርት ለኮታው ስላልበቃ አንዱን በሬያቸውን ሸጠው ከገበያ የገዙትን ጤፍ ነው የሚጭኑት። ሰው በውድ ገዝቶ በርካሽ ሊያስረክብ እየጫነ ነው እንግዲህ። አብራቸው እስከ ገበሬ ማኅበሩ ቤት ሄደች። ግድግዳው ላይ፣ ደረት ትክክል፣ ያ ግራፍ ተለጥፏል።

«ያ ረጅሙ የዘንድሮው ነው አሉን» አሉ አቶ ሆርዶፋ በአገጫቸው እያመለከቱ። «እውነት ግን ይኼን ያህል አድገናል?»

ሸዋዬ በሩ ሥር ከወደቀው ከሰል አንዱን አነሳችና ሦስቱን ዘንጎች ከወረቀቱ ግርጌ ጀምራ በጭቃው ግድግዳ ላይ ወደ ታች ቀጠለቻቸው። በጣቷ እየለካች፣ ተንበርክካ፣ ወለሉ ድረስ አወረደቻቸው። ራቅ ብላ ስታያቸው ሦስቱም እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

«ልኩ ይኼ ነው አባባ» አለች። «የታችኛውን ቆርጠነው ነው።»

አቶ ሆርዶፋ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ቀጥሎ ከሰል የነካውን እጇን አዩት።

«እኔማ አውቀዋለሁ፤ ያረስኩት እኔ አይደለሁ?» አሉ። «ይኼንን እዚያ መሥሪያ ቤትሽ ነበር መሣል» ብለዋት ጆንያውን ሊያወርዱ ወጡ።