የእትዬ ወርቅነሽ ነጠላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ክንዴን ይዛ ኤስኲሊኖ በሚባለው የሮም ሰፈር ወዳለች ትንሽ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። የአንድ ሀንጋሪያዊ ዳይሬክተር የቆዩ ፊልሞች ይታዩ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ መጀመሪያ ጽሑፍ ወጣ፦ «የዚህች ሴት ወንድም ሞቷል። እሷ አታውቅም።» ቀጥሎ የሃያ ዓመት ፊቴ ሸራውን ሞላው።

ያኔ ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልነበረኝም፤ ሰው ቀና ብዬ የማላይ ዓይነ አፋር ነበርኩ። በቤት ሠራተኝነት የማገለግላቸው ሲኞራ ቤት ሀንጋሪያዊው በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ሲኞራ «ማኤስትሮ»፣ የጥበብ መምህር እንደማለት፣ ይሉታል። ታሪክ ያለው ፊልም አይወድም። አንድ ፊት ላይ ካሜራውን ይተክልና የአይጥ ጉድጓድ እንዳገኘ ድመት ይጠብቃል።

ሁዳዴ ነበር፤ ገበያው ካርቾፎ በሚሉት፣ ቅጠሉ እየተላጠ በሚበላ አትክልት ተሞልቷል። እሑድ ዕለት እትዬ ወርቅነሽ ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከቶር ፒኛታራ መጡ። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ደጅ ጠንተው ያስወጡልኝ፣ ሮም ላይ እናት የሆኑኝ ሴት ናቸው። ከሲኞራ ጋር ሳሎን ገብተው በሩን ዘጉ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጉንፋን ነው» አሉኝ።

ሰኞ ማኤስትሮ ካሜራውን ወጥ ቤት ተከለ። ሲኞራ ካርቾፎውን አቀረቡልኝና «አሎራ፣ በይ እንግዲህ፣ እየላጥሽ ስለ ወንድምሽ አጫውቺው። በቋንቋሽ ይሁን» አሉኝ።

«አማርኛ አይሰማም እኮ፣ ሲኞራ።»

«መስማት አያስፈልገውም። የሚፈልገው ፊትሽን ነው።»

መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን አፌ ተፈታ። ካርቾፎው ጥፍሬን እያጠቆረው ታደሰን አወራሁ፦ አዲስ አበባ ያለውን አንድ ወንድሜን፣ ተማሪውን። ሲመጣ በባቡር ኦስቲያ ወስጄ ባሕር እንደማሳየው፣ ውሃ ስለሚፈራ ከዳር ቆሞ ጫማውን እንደሚያቅፍ። «አንተ ፈሪ!» ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ማኤስትሮ «ብራቫ፣ ቀጥዪ» ይለኝ ነበር። ሲኞራ ግን መሀል ላይ ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ሐሙስ የእኛ የቤት ሠራተኞች ሁሉ የዕረፍት ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳልቀምስ፣ እትዬ ወርቅነሽ ሦስት ሴቶች አስከትለው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆነው የሚመጡ ሴቶች ምን ይዘው እንደሚመጡ በአገሬ ሕፃንም ያውቃል።

«ታደሰ ነው?» አልኩ።

«አዎ ልጄ። ከቤት ወስደው ገደሉት።»

ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ከሴቶቹ ጀርባ ካሜራው ሲያጉረመርም የሰማሁት ያኔ ነው።

«ማኤስትሮም ያውቅ ነበር?»

ሲኞራ አቀረቀሩ። እትዬ ወርቅነሽ ደረታቸውን መቱ። «እስከ ሐሙስ ሥራ ያቅልሉልሽ ብዬ ነበር የነገርኳቸው! ለዚህ ነው?»

ማኤስትሮ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ በጣሊያንኛ «ፊቷን ትንሽ ወደ መስኮቱ» አለ።

እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው ካሜራው ላይ ጣሉት። «አንተ አረመኔ! እናት አልወለደችህም?»

እትዬም ቢሆኑ አራት ቀን ደብቀውኛል። እሳቸው የደበቁኝ ብቻዬን እንዳላለቅስ ነው፤ በዚያ ተቀይሜያቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ታደሰ ለማንም አላወራሁም፤ ለልጄ እንኳ ከስሙ በቀር። ልጄ አጎቷን ያወቀችው ቅዳሜ ዕለት ነው፣ ከሸራው ላይ። «አንተ ፈሪ!» ብዬ ስስቅ አጠገቤ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሸራው በድንገት ነጭ ሆነ። ነጭ ብቻ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከፊቴ ያለው ወጣት ለጓደኛው «ሐዘኑን በብርሃን ጨረሰው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» አለው።

«ንገሪያቸው እንጂ፣ እማዬ» አለች ልጄ።

ተነሣሁ። ጣሊያንኛው ሁሉ ጠፋኝ። «ነጠላ ነው» አልኩ በአማርኛ። «የእትዬ ወርቅነሽ ነጠላ ነው።»

ወጣቱ ዞር ብሎ በትሕትና ፈገግ አለልኝና ማጨብጨቡን ቀጠለ።