ጣሪያችንን የበላው ሸንኮራ

ያ ሸንኮራ ያስከፈለን አንድ ጣሪያ ነው፤ ሌላው ወጪ ሁሉ እሱን ተከትሎ የመጣ ነው። ዛሬም ቦንጋ ላይ ሰው ጓሮው ውስጥ ቅጠል ሲያቃጥልና ጭሱ ጣፈጥም መረርም ብሎ ሲሸተኝ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ወደ ሰማይ ቀና እላለሁ፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማየት።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ጥቂት ዓመታት እንዳስቆጠረ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሳር ክዳን ጎጆ እንኖር ነበር። ከቤታችን ግርጌ ባለው ረግረግ የሰው ቁመት የሚያህል ሳር ይበቅል ነበር፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ያጭድና ተራው የደረሰውን ሰው ቤት ይከድን ነበር። ሕጉ አንድ ነበር፤ ያንን ሳር ማንም አይሸጥም። የማይሸጥ ነገር ደግሞ ቢሮ ውስጥ ዋጋ የለውምና፣ ቀበሌው ረግረጉን «ባዶ መሬት» ብሎ መዝግቦት ኖሮ፣ አባዬ ሲያመለክት ሳያንገራግር መራው።

የአባዬ ስሌት ቀላል ነበር፤ ረግረጉን አጠንፍፎ ሸንኮራ ይተክላል፣ ሸንኮራውን ሸጦ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ከዚያ ወዲያ ሳር ለምኔ። በዚያ በጋ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ወንዙ ለቀቀው። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሌ፣ በዕድሜ አባዬን የሚበልጡ፣ ንብ የሚያረቡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ቀፏቸው ተመለሱ።

በክረምቱ ሸንኮራው ጥሩ አድርጎ አደገ። ክረምቱ ሲያልፍ ግን አፈሩ እየተሰነጠቀ ሄደና፣ እኔና አባዬ ጠዋት ጠዋት ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳን፣ ያደረቅነውን ረግረግ ውኃ እናጠጣ ነበር። ታኅሣሥ መጣ፤ የሚታጨድ ሳር ስላልነበረ የማንም ቤት ሳይከደን አለፈ፣ ተራው የእኛ ቢሆንም። የጣሪያችን ሳር ተበልቶ ሳስቶ፣ ከመኝታዬ ሆኜ ሰማዩን አይ ነበር።

የካቲት ላይ ሸንኮራው ደረሰ። መጋቢት ዝናቡን ይዞ ሳይገባ ሸጠን ቆርቆሮ መግዛት ነበረብን፤ ደረቁን ቅጠል በእጅ መላጡ ግን ጣት ይቆርጣል፣ ቀን ይፈጃል። አጎቴ ታደለ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ሩቅ አገር በአንድ ትልቅ የስኳር እርሻ ሸንኮራ ሲቆርጥ ከርሞ የመጣው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ እዚያ ስንት ማሳ በአንድ ጠዋት ነው የምናጸዳው» አለው አባዬን።

«በምን?»

«በክብሪት ነዋ!»

አቃጠልነው። ነፋሱ ድንገት ዞሮ እሳቱ ወደ ጎጆው ሲያመራ፣ እማዬ እህቴን አዝላ፣ እኔ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ይዤ፣ መሬት መሬቱን እየደበደብን ነፍሳችን ልትወጣ ደርሳ ነበር። እሳቱ ሲበርድ ቅጠሉ የለም፤ አገዳው ቆሟል፣ ጥቁር ሆኖ። አጎቴ «አየህ?» አለ፣ እየሳቀ።

እዚያ ስኳር እርሻው ላይ ሸንኮራውን የሚያላምጠው ማሽን መሆኑ፣ እዚህ ግን ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው መሆኑ ለማናችንም አልታየንም። በገበያው ቀን የመጀመሪያዋ ሴትዮ እማዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ አልማዝ፣ ሸንኮራ ነው ከሰል?»

«ታጥቦ ይበላል፣ የኔ እመቤት።»

«ከሰሉንስ በስንት ትሰጭኛለሽ?»

ገበያው ሳቀ። እኔ ወንዝ ወርጄ አጠብኩት፤ ጥቀርሻው ለቀቀ፣ በእሳት የተሰነጠቀው ልጣጭ ግን ውስጡን እያኮመጠጠው ነበር። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ ጭነን ሺሺንዳ ከተማ ገበያ ወሰድነው፤ አንዱ ቀምሶ ተፋው፣ ሌላው መትፋቱን አይቶ አለፈ። የተረፈውን መልሰን ደጃችን ከመርነው፤ ከልቡ የወደደልን የጋሽ ኃይሌ ንብ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። እማዬ እህቴን ከጥግ ወደ ጥግ እያዘዋወረች፣ አባዬ በሚያፈሰው ቦታ ሁሉ ድስት እየደቀነ፣ ድስቱ አልቆ ኩባያ ላይ ደርሰን ሳለ፣ ጋሽ ኃይሌ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በር ላይ ቆሙ። ለራሳቸው ጣሪያ ብለው የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ያጨዱትን ስምንት ሸክም ሳር እየተመላለሱ አምጥተው ነበር።

አባዬ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። «ጋሽ ኃይሌ፣ ስንት ልክፈል?»

«ሳር አይሸጥም» አሉት። «ቦዩን ድፈን።»

እነሱ ጣሪያው ላይ ወጡ፤ አባዬ በዝናቡ አካፋ ይዞ ወረደ፤ እኔ ጭቃ አቀብለው ነበር።

ዛሬ ቦንጋ ላይ ቆርቆሮ ነጋዴ ነኝ፤ ቤቴም ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ እኔና ባለቤቴ ካልጮህን አንሰማማም፤ በሳሩ ቤት ሳለን ግን ዝናቡን የምናውቀው በጠረኑ ነበር። ጋሽ ኃይሌ ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ለአንድ ክፍል የሚበቃ ቆርቆሮ ብልክለት፣ «የሰጠናችሁ ሳር ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሳሩን ደግሞ ከየት አምጥቼ።

ቦዩ እንደተደፈነ ነው። የረግረጉ ሳር ግን ገና እስከ ጉልበት ብቻ ነው የሚደርሰው። የጋሽ ኃይሌ ቤት ስምንት ሸክም ዕዳ አለብን።