በርበሬ የሚሸት ፓስፖርት

እናቴ ፓስፖርቷን የምታስቀምጠው በበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። በላስቲክ ጠቅልላ ከበርበሬው ሥር ትቀብረውና ክዳኑን በጡጫዋ መትታ ትዘጋዋለች። ሌባ ፈርታ አይደለም። የፈራችው ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጎረቤታችንን ነው፤ ከሳቸውም ዓይናቸውን።

ባሕር ማዶ የምትኖረው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እናቴ ደግሞ ልጄ ያለ እናት አትታረስም ብላ ምላለች። "ገንፎውን ማን ሊያገነፋላት ነው? ባሏ?" ትላለች። የእህቴ ባል እንቁላል የሚቀቅለው ኢንተርኔት አይቶ ነው፤ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

ስለዚህ ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛ ደግሞ በእኛ በጀሞ ኮንዶሚኒየም በአደባባይ የሚወራ ነገር አይደለም። የብሎካችን ሰው ለሠርግ ይጠራሃል፣ ለምርቃት ይጠራሃል፣ ሐኪም ከሆዱ ያወጣለትን ጠጠር በብልቃጥ አድርጎ ያሳይሃል። ቪዛ ጀምሬያለሁ ግን አይልህም። ትናንት ደረጃው ላይ ሰላም ያልከው ሰው ዛሬ በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ይልክልሃል። ምክንያቱ ዓይን ነው፤ ሰው ካየው ይሰናከላል ይባላል። እናቴ ጴንጤ ስለሆነች በዚህ አታምንም። "አላምንም፤ ግን ለምን ብዬ አጋልጠዋለሁ?" ትላለች።

ወዴት ነሽ ለሚላት ሁሉ መልስ አዘጋጅታለች። "ሆሳዕና፣ ለልቅሶ።" አንድ ቀን ውሸት ኃጢአት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ሆሳዕና ልቅሶ የሌለበት ቀን አለ?" አለችኝ።

እኔ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰነድ እየተረጎምኩ ነው የምተዳደረው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ። ደንበኞቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገባሉ፣ ወረቀቱን ከብብታቸው ያወጣሉ፣ "አደራ፣ ለማንም" ብለው ይወጣሉ። የክፍሌ በር ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር ከተገጣጠሙ ሁለቱም ፎቶ ኮፒ ፈልገው ነው። ይህን ሁሉ ምስጢር ተሸክሜ ስለምውል ነው መሰለኝ፣ ቤት ስገባ ብስጩ ነኝ።

የቃለ መጠይቁ ቀን እናቴን እስከ ኤምባሲው በር ሸኘኋት። ለዚያ ቀን ሳሎናችን ውስጥ ስንለማመድ ነው የከረምነው፤ እኔ ከምግብ ጠረጴዛው ጀርባ ቁጭ ብዬ ቆጣ እያልኩ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ቆማ ትመልሳለች። ጎበዝ ሆናለች። አንድ የቀራት ጭንቀት አውሮፕላን የሚቀየርበት ቦታ ነበር። "ቋንቋ አላውቅ፣ ሰው አላውቅ፤ እዚያ እንደቆምኩ ልቀር ነው" ትላለች። መጀመሪያ ቪዛውን እናግኝ እላታለሁ።

ብዙ ቆይታ ወጣች። ፊቷን ሳይ ነገሩ እንዳልሆነ ገባኝ። ምን ሆነሽ ልላት አፌን ስከፍት የታችኛዋ ጎረቤታችን ነጭ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላዋ ብቅ አሉ። እናቴ ዞር ብላ አቅፋ ሳመቻቸው። የልጆችን ጤና ተጠያየቁ። ስለ ጉንፋን ተጠያየቁ። ከጀርባቸው ያለውን ትልቅ የኤምባሲ በር ሁለቱም ያላዩት መሰሉ። አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ጀሞ እስክንደርስ ያወራነው ስለ ሽንኩርት መወደድ ነው።

የሆነውን የሰማሁት ቤታችን ገብተን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቪዛ የሚሰጠው ሰውዬ ፓስፖርቷን ገለጥ ሲያደርግ አስነጠሰው። ይማርህ አለችው። ደግሞ አስነጠሰው። ደግማ ይማርህ አለችው። ከዚያ አስተርጓሚው "እናቴ፣ የት ነው የሚሄዱት?" ብሎ ጠየቃት። ልትመልስ ስትል ከኋላዋ ማን እንደቆመ ለማየት ዞር አለች። የታችኛዋ ጎረቤታችን ናቸው።

"እና ምን አልሽው?"

"ሆሳዕና፣ ለልቅሶ።"

"ኤምባሲው መስኮት ላይ?"

"ከኋላዬ ጆሯቸውን አቁመው! ምን ልበል?"

አስተርጓሚው ግራ ገብቶት ሆሳዕና ለመሄድ ቪዛ አያስፈልግም አላት። እሷም እውነትህን ነው ብላ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች። እየሰበሰበች ሳለ የጎረቤታችን ተራ ደረሰ።

"እሳቸው ደግሞ የት እሄዳለሁ ቢሉ ጥሩ ነው? ጸበል። ሰው እንዴት ኤምባሲ ቆሞ ይዋሻል?" አለችኝ ከልቧ ተናዳ።

ሳቄ መጣ፤ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅሁ። ቀና ስል እናቴ እያለቀሰች ነው። "ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው" አለች። ሳቄ ቀጥ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ተናደድኩ። በእሷ ብቻ አይደለም፣ በብሎኩ በሙሉ፣ ክፍሌ በር ላይ በሚገጣጠሙት ደንበኞቼም ጭምር። ስናደድ ደግሞ የቃል ትርጉም መዘርዘር አመሌ ነው።

"እማዬ፣ ቪዛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"መግቢያ።"

"አይደለም። የላቲን ቃል ነው፤ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ነው እኛ ጋ የደረሰው። 'የታየ' ማለት ነው። ድሮ መንገደኛ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ሹሙ ያይለትና 'ታይቷል' ብሎ ይጽፍበት ነበር። ሌላ ምንም ምትሃት የለውም። ወረቀትህን ሰው አይቶታል፣ በሰላም እለፍ ነው ነገሩ።"

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "የእኔን ማን አየው ታዲያ?"

"በርበሬው።"

ሰንበት ብላ ቆርቆሮውን ከፍታ ፓስፖርቷን አወጣች፤ በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር፣ መላው ብሎክ እያየ አናፈሰችው። እንደገና አመለከተች። መስኮቱ ጋ ስትቆም ወደኋላ አልዞረችም፤ ልጄ ልትወልድ ነው፣ ገንፎ ላገነፋላት ነው፣ ስትጠነክር እመለሳለሁ፣ አለች። ቪዛው ተመታላት።

ፓስፖርቱ እጇ የገባ ዕለት፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ታች ወረደች። ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ተከተልኳት። አንኳኳች። ጎረቤታችን በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ ሲሉ ገጹን ገልጣ ዘረጋችላቸው።

"እትዬ፣ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ይዩልኝ" አለች።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አስነጠሳቸው። ይማርዎት አልናቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ፤ የጆንያ መንኮሻኮሽ ሰማን። ሲመለሱ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጤፍ በጤፍ ሆኗል፣ የያዙት ደግሞ የራሳቸውን ፓስፖርት ነው። እፍ ብለው ገለጡልን። ቪዛ አለበት፤ ከእኛ ቀድሞ የተመታ። እሳቸውም ተደብቀው ተመልሰው ሄደው ኖሯል።

"ልጄ ጋ ነው። ያንቺም ልጅ እዚያው ከተማ አይደለች?" አሉ።

"ታዲያ ምን ያስቀምጥዎታል እስካሁን?" አለች እናቴ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "አውሮፕላን የሚቀየርበት ቦታ ብቻዬን እጠፋለሁ ብዬ ፈርቼ። ማንን አብሮኝ ይሂድ ልበል? ለማንም አልነገርኩ።"

እናቴ እዚያው በር ላይ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ተቃቅፈው ደግሞ ትንሽ አለቀሱ። በአንድ አውሮፕላን ሄዱ። የሚቀየርበት ቦታ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሳይለያዩ አለፉት። ቦሌ ላይ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት አግኝታቸው ወዴት ናችሁ ብትላቸው፣ ሁለቱም በአንድ አፍ "ሰው ልንሸኝ" ብለዋል። አመል ነዋ።

እናቴ ከምጡ በፊት ደረሰች። ወንድ ልጅ ተወለደ። የእህቴን ልጅ ለማየት በቪዲዮ ደወልኩ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ብርድ ልብስ ነው።

"ገለጥ አድርጊልኝ እንጂ።"

"አይታይም። ገና ነው፤ ይጠንክር" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ አጎቱ ነኝ።"

"አጎትም ዓይን አለው።"

ልከራከር ስል ከብርድ ልብሱ በላይ አንድ የማውቀው ነጭ ነጠላ አየሁ። ሕፃኑን ታቅፈው የተቀመጡት የታችኛዋ ጎረቤታችን ናቸው። ጎንበስ ብለው ከብርድ ልብሱ ሥር ደህና አድርገው አዩትና ወደ ስልኩ ቀና አሉ።

"አይዞህ፣ ቆንጆ ነው" አሉኝ።