የስፔሱ ከሥራ መነሣት

የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ጨርሼ ለእረፍት አሶሳ ስገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ያየሁትን ሁሉ ለሰው ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። ክልላችን አዲስ ነው፤ የአንዳንዱ ቢሮ በር ገና ቀለም ይሸታል። ቤታችን አጠገብ ባለው ቢሮ ኢሜይል የሚቀበል አንድ ኮምፒውተር ነበር። የሚሠሩበት ጸሐፊ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ።

የኢሜይሉ ፕሮግራም ሥዕል የለውም፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ማውስም አያውቅም። ለመክፈት አንድ ፊደል፣ ለማጥፋት ሌላ ፊደል መጫን ነው።

እትዬ ከአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥልጠና ጥሪ ይጠብቁ ነበር። ቢሮው የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተመረጡትም እሳቸው ናቸው። የመልእክት ሳጥኑ ግን ስለሞላ ጥሪው ሊገባ አልቻለም። ማጥፊያው ቁልፍ ደግሞ አቧራ ገብቶበት አልሠራ ብሏል።

"ቀላል ነው እትዬ፣" አልኩ።

ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ የማጥፋቱን ሥራ ለስፔስ፣ ቃል ከቃል ለሚለየው ረጅም ቁልፍ፣ ሰጠሁት። ትልቅ ስለሆነ ለእጃቸው የሚመች መሰለኝ። እግረ መንገዴን ሌሎቹንም ቁልፎች እንዳሰኘኝ ቀያየርኩ። አሮጌውን መልእክት ሁሉ አጠፋን፤ እትዬም መረቁኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥሪው ገባ። እትዬ ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታይፕ የመቱ ሰው ናቸው፤ ሲያስቡ እንኳ አውራ ጣታቸው ስፔስ ይመታል። መታ። ከደብዳቤው ራስጌ "ይጠፋል" የሚል ምልክት ወጣ። ጮኸው ሲጠሩኝ ከቤት ሮጬ መጣሁ።

"ኧረ አንቺ ዶክተር፣ ምን አድርገሽ ነው የሄድሽው?"

"እትዬ፣ ምንም እንዳይነኩ!"

"እጄን የት ላድርገው ታዲያ?"

"ጉልበትዎ ላይ!"

እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የጠፋውን የሚመልሰውንም ፊደል ቀይሬዋለሁ፤ ወደ የትኛው እንደቀየርኩት ግን አላስታውስም። አልጻፍኩትማ። አንዱን ልሞክር ጣቴን ስዘረጋ ስድስት ሰዓት ሞላና የከተማው ጀነሬተር እንደ ልማዱ ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። እኔ አለቀስኩ።

"አይዞሽ፣" አሉ እትዬ። "ካልሆነ አንቺን እልካለሁ፤ መማር ያለብሽ አንቺ ነሽ።"

ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ በፍርሃት ከፈትኩት። ደብዳቤው አለ! ምልክቱም የለም! ለካ ፕሮግራሙ በትክክል ዘግተውት ካልወጡ በስተቀር ምንም አያጠፋም። መብራቱ ሳንዘጋው ስለጠፋ ደብዳቤው ተረፈ።

"አንብቢልኝ፤ እኔ እጄን አላነሣም፣" አሉ። ቀኑን፣ ቦታውንና ስማቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በስማቸው ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አጨበጨቡ።

ከዚያ ወረቀት ሰጡኝ። በዚህ ቢሮ ወንበር እንኳ ቦታ የሚቀይረው በደብዳቤ ነው። የቀየርኳቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈተሽኩ መዘገብኩ፤ ማጥፊያውንም ማንም ወደማይነካው የጥግ ቁልፍ አዛወርኩ። እትዬ ማኅተም አድርገው ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፉት። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦

"ስፔስ ከዛሬ ጀምሮ ከማጥፋት ሥራው የተነሣ መሆኑን እናስታውቃለን።"